ከማይጨው ያልመጣው ኮት

ቡታጅራ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለወይዘሮ አዛለች፤ ወልቂጤ።

ከሰላምታዬ በፊት ጥፋቴን ላስቀድም፤ ሰላምታ የሚያምረው በማይደባበቁ ሰዎች መካከል ነው። ልጅሽን ፈቃደን፣ ማይጨው ላይ ጦሩ ከተፈታ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በመጋቢት 1929 ዓ.ም. እዚህ ቡታጅራ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንቺ ከወልቂጤ የሚወጣውን ነጋዴ ሁሉ «ልጄን ያየ አለ?» እያልሽ ስታስጠይቂ፣ ያየሁት እኔ አፌን ይዤ ተቀመጥሁ። ታላቅ እህትሽ አሰገደች በሕይወት ብትኖር ይህን ዝምታ አንድ ቀን እንኳ አታሳድረኝም ነበር። እሷን ከቀበርሁ ወዲህ የሚቆጣኝ ሰው የለም፤ የሚቆጣው የሌለው ሰው ደግሞ እንደኔ ይበላሻል።

አሁን ለጠየቅሽኝ ልመልስ። ኮቱ ደርሶኛል። የሟች ባልሽ ወንድም አስረስ «ማይጨው ላይ ከፈቃደ ሬሳ ላይ የወለቀ ነው፤ ከአንድ አስካሪ፣ ከጣሊያን ቅጥር ወታደር እጅ አገኘሁት» ብሎ እንዳመጣልሽ፣ ቄሱም «ኮቱን የሰፋው ሰው ቃሉን ይስጥና ፍትሐት ይደረግለታል» እንዳሉሽ ጽፈሻል። ፈቃደ ክቡር ዘበኛ ሲገባ የሰጡትን ሰፊ ኮት ፈትቼ በልኩ የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ ከብብቱ ሥር ያለውን ጥጋን፣ የገበሩን ስፌት ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አውቀዋለሁ። ኮቱ የፈቃደ ነው። አዝራሮቹ ግን የፈቃደ አይደሉም።

ሰው አንበሳ ያለበት አዝራር ሁሉ አንድ ይመስለዋል። አይደለም። በንግሡ ጊዜ የመጣው ደንዳና ነው፤ ክር የሚገባበት ጆሮው ከኋላው በብየዳ ተጣብቋል፤ አንበሳው የያዘው መስቀል በጣት ሲዳሰስ ይቆረቁራል። በኋላ፣ በ1926 እና በ1927 ለገቡት ልጆች የታደለው ግን ቀጭን ነው፤ ሁለት ቅጠል ናስ ተጣጥፎ የተገጠመ፣ ውስጡ ባዶ፣ በጥርስ ቢነክሱት የሚሰረጉድ። ፈቃደ የገባው በ1927 ነው። የላክሽልኝ ኮት ላይ ያሉት ደንዳኖቹ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ የአንድ ሰው አይደሉም፤ እኩሌቶቹ አረንጓዴ ዝገት በአንበሳው ጎፈር ውስጥ ገብቶባቸዋል፣ እኩሌቶቹ ደግሞ በአመድ ሲወለወሉ የኖሩ ስለሆኑ የአንበሳው ፊት ጠፍቷል። ሁለት ሰው ተገፎ ነው የተለቀሙት። እህቴ፣ በልጅሽ አዝራር ላይ ሳለቅስ አደርሁ ያልሽው፣ በሁለት ሌሎች እናቶች ልጆች ላይ ኖሯል ያለቀስሽው።

«የእሱ አዝራሮች ታዲያ የታሉ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። እዚህ ናቸው። በጨርቅ ቋጥሬ ከዳዊቴ ማኅደር ውስጥ አኑሬአቸዋለሁ። በገዛ መቀሴ የቆረጥኋቸው እኔ ነኝ።

ስለዚህ አስረስ ዋሽቷል። ለምን እንደዋሸ ገና አላውቅም። ፍትሐቱን አታስደርጊ፤ ለቅሶም አትቀመጪ። ይህን ደብዳቤ ከልጅሽ ከዓለምዘውድ በቀር ሌላ ሰው አያንብብልሽ። ያልጻፍሁት ነገር አለ። ዛሬ አቅም አነሰኝ።

ገብረእግዚአብሔር

*

ወልቂጤ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ገብረእግዚአብሔር፤ ቡታጅራ።

ጋሼ፣ ጸሐፊዋ እኔ ዓለምዘውድ ነኝ፤ ቃሉ የእናቴ ነው። «እርስዎ» ብዬ ጀምሬ ነበር። እናቴ «ምን አልሽው?» ብላ አስነበበችኝና ወረቀቱን ቀደደችው። «አንተ ብለሽ ጻፊ። እርስዎ የሚባለው ዘመድ ነው» አለች። እንግዲህ ይቅር ይበሉኝ።

አንተ ሰው! ደኅንነትህን አልጠይቅም፤ ደኅና እንደሆንህማ አየሁት። ልጄ ከቤትህ ወጥቶ ከሄደ ወዲህ ሁለት መስቀል አልፏል። በዚህ አገር ለመስቀል የማይገባ ሰው የለም፤ አዲስ አበባ ሸክም የሚሸከመውም፣ ጅማ የሚነግደውም ይመጣል። እኔ የልጄን ድርሻ ሥጋ በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ እስኪሸት አቆየሁ፤ ሁለት ጊዜ ለውሻ ጣልሁት። አንተ ያን ጊዜ ምን ትበላ ነበር? ዳዊት ትደግም ነበር አይደል? ከአፍህ እንዴት ወጣልህ?

እህቴ ብትኖር አታሳድረኝም ነበር ትላለህ። እህቴን አታንሣ። የሞተ ሰው ቀሚስ ሥር አትደበቅ።

አዝራሩን ለምን ቆረጥኸው? ከቤትህ ሲወጣ ምን ለብሶ ወጣ? ወዴት ሄደ? «አቅም አነሰኝ» ማለት ምንድን ነው? እኔ የአቅም ጥያቄ አልጠየቅሁህም።

አስረስ በየቀኑ እየመጣ «ሰፊው ቃሉን ላከ?» ይለኛል። ልጄን ከእስረኞቹ መካከል እንዲፈልጉልኝ ለጣሊያኖቹ ሹም ማመልከት ከጀመርሁ ወዲህ ነው ኮቱን ያመጣው። «ለቅሶሽን ተቀመጪና ይብቃሽ። የወንድሜንም መሬት እኔ አስተዳድረዋለሁ፤ ሹሞቹን በማልቀስ አታሰልቺብኝ» ይለኛል። አሁን ደግሞ «እኔው ራሴ ቡታጅራ ወርጄ አስጽፈዋለሁ» ብሏል። ሲመጣ እንደ ልማድህ ዝም በልለት፤ ዝም ማለት ታውቅበታለህ።

ጋሼ፣ የእናቴ ቃል እዚህ ላይ አበቃ። ወረቀቱን ሳጥፍ ግን ጠርታ መለሰችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «በልቶ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂው» አለችኝ።

*

ቡታጅራ፣ ኅዳር 2 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ አዛለች።

በልቶ ነበር። ቆጮ በአይብ ሰጠሁት፤ ጠግቦ በላ። ጎመኑን ተወው፤ ከልጅነቱም አይወድም።

ስድብሽን ተቀብያለሁ፤ አንድም ቃል አልመልስም። የቀረውን ልንገርሽ።

በገበያ ቀን፣ በቀትር ነው የመጣው። ከየካቲቱ የጎጌቲ ውጊያ ተርፎ፣ ግራ ክንዱን በጨርቅ አስሮ፣ ልብስ እንደሚያሰፋ ደንበኛ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። «ጋሼ፣ ኮቴ ተቀዶ ነበር» አለኝ፤ ሰው እንዳይጠረጥር። ድምፁን ስሰማ መርፌ ጣቴን ወጋኝ። በዚያ ሳምንት ጣሊያን «የተሸሸገ ወታደር ያበላ ቤቱ ይቃጠላል» ብሎ በገበያው አስነግሯል። ባንዳዎቹ በየድልድዩ ቆመው የመንገደኛ ደረት ያዩ ነበር፤ አንበሳ ያለበት አዝራር የተገኘበት ወደ ቤቱ አይመለስም።

ስለዚህ ቆረጥኋቸው። በምትካቸው ከጎረቤቴ ከሸምሶ አዝራር ገዛሁ። ሸምሶ የመስቃን እስላም ነው፤ ከእኔ ሱቅ በር አጠገብ ምንጣፍ ዘርግቶ አዝራርና ዶቃ፣ መርፌና ዘለበት ይሸጣል። የገዛሁት ከዘንባባ ፍሬ የሚቆረጠውን፣ ጥርስ የሚመስለውን፣ አራት ቀዳዳ ያለውን ነው። ጠጋ ብለሽ ብታዪው እንደ እንጨት ቀለበት ቀለበት መስመር አለው፤ ከጫፉም የፍሬው ቡናማ ልጣጭ አይጠፋም። ይህ አዝራር ከጣሊያን የጭነት መኪና ጋር ነው ወደዚህ አገር የገባው። በማይጨው ዘመን ቡታጅራም ወልቂጤም አይታወቅም።

አሁን ያቃተኝ ነገር ይምጣ። እኔ በዚህ ከተማ የምሰፋው ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ነው። አራት ቀዳዳ ያለው አዝራር ሲመጣ ለክርስቲያኑ ክሩን አመሳቅዬ በመስቀል እሰፋዋለሁ፤ ለእስላሙ ደግሞ በሁለት ትይዩ መስመር። ማንም አላዘዘኝም፤ ደንበኛዬ በደረቱ ላይ ቅር የሚለው ነገር ይዞ እንዳይሄድ ብዬ ያመጣሁት ነው። የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባንዳዎቹም ያውቁታል። ለፈቃደ በሁለት መስመር ሰፋሁለት። «ከዛሬ ጀምሮ አሚኑ ነህ፤ የከብት ነጋዴ ነህ፤ በእንሴኖ አድርገህ ወደ ሐይቆቹ ውረድ» አልሁት። ከዚያ መቀሱን ወደ አንገቱ አነሣሁ።

«ጋሼ፣ ማተቤን ተወው» አለኝ።

«ወይ ማተብህ ወይ አንገትህ» አልሁት።

ቆረጥሁት። ከአዝራሮቹ ጋር አብሮ አለ። አንቺ በአርባ ቀኑ ያሰርሽለትን ማተብ ነው የቆረጥሁት፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። ለልጁ ሕይወት ስል ነው እያልሁ ራሴን ስደልል ኖርሁ። እውነቱ ይህ ነው፦ ማተቡ ባንገቱ ቢገኝ «ማን ደበቀህ?» ይሉታል ብዬ ፈራሁ። ለቤቴ ፈራሁ። ከዚያም ዝም ያልሁት ለቤቴ ስል ነው። የትኛው ቤት? ሚስት የሌለችበት አንድ መደብና አንድ መኪና።

ከደብዳቤሽ በኋላ የውሸቱን አዝራሮች ከኮቱ ላይ ፈታሁ። ከሥራቸው በሰም ያሸሁት የገዛ ክሬ ቁራጭ፣ በሁለት መስመር፣ ዛሬም አለ። እንግዲህ ኮቱ ማይጨው ላይ አልወለቀም። ከእኔ በር ከወጣ በኋላ ነው የወለቀው። ያወለቀው ሰው የዘንባባውን አዝራር ነቅሎ የአንበሳውን የሰፋበት፣ የዘበኛ ኮት ያለ አንበሳ አትቀበይም ብሎ ነው።

አስረስ ትናንት መጣ። ጣሊያን ዘንድሮ ያደለውን ነጣ ያለ ዘለበት ታጥቆ፣ ከደጄ ላይ ቆሞ ጥላውን በሥራዬ ላይ ጣለ።

«እንዴት ነህ አማች? ዛሬም የእስላሙን በመስመር የኛን በመስቀል ነው?»

«ዛሬም ነው» አልሁት።

«በመርፌ የጸደቀ አላየሁም፤ አንተ ግን ትሞክራለህ። ኮቱን አየኸው?»

«አየሁት። አዝራሮቹ ማይጨው ላይ እንዲሁ ነበሩ?»

«እንዲሁ! አንድም አልተነካ» አለኝ፤ በፈቃደ ስም ምሎ።

እኔ ምን አልሁ? «ዓይኔ ደክሟል፤ ጥቂት ቀን ስጠኝ» አልሁ። ፈገግም አልሁለት። አዛለች፣ ፈገግ አልሁለት! ከሄደ በኋላ አፌን በውኃ ታጠብሁ።

ገብረእግዚአብሔር

*

ወልቂጤ፣ ኅዳር 9 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ገብረእግዚአብሔር።

ስለ ማተቡ የምልህ የለኝም። ቄስ አይደለሁም። እናቱ ነኝ፤ በአንተ ቦታ ብሆን እኔም ቆርጬው ይሆን እያልሁ ሌሊቱን አሳለፍሁት፤ መልሱን ለአንተ አልነግርህም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኮት የሚገፍ ሰው ቀበቶ አይተውም። ቀበቶው የታለ? የናሱ ዘለበት አንዱ ምላሱ ተሰብሮበት፣ እህቴ የሠርጓን ማንኪያ እጀታ ሰጥታህ አልነበረም ወይ ሞርደህ የተካህለት? «በማንኪያ የታጠቀ ወታደር» እያሉ ጓደኞቹ የሳቁበት? ማንኪያዋን ስትሰጥህ እኔ ነበርሁ። ያን የመሰለ ዘለበት ሁለት የለም። ፈልገው።

አስረስ ለቅሶውን ለታኅሣሥ ገብርኤል ቆርጦታል። ድንኳን ከጣሊያኖቹ እዋሳለሁ ይላል። በልጄ ለቅሶ ላይ የጣሊያን ድንኳን!

ጋሼ፣ እኔ ዓለምዘውድ ነኝ። አሁንም «አንተ» በይው ብላለች። ግን በዚህኛው ጊዜ ወረቀቱን አልቀደደችም።

*

ቡታጅራ፣ ኅዳር 17 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለወይዘሮ አዛለች።

ዘለበቱን በእጄ ይዤዋለሁ። በማንኪያው እጀታ ጫፍ ያለው የወይን ቅጠል ቅርጽ አልጠፋም።

የት ነበር ብትዪ፣ ከተቀመጥሁበት ሁለት ክንድ በማይርቅ ቦታ። ሸምሶን «በማንኪያ የተጠገነ ዘለበት አይተህ ታውቃለህ?» አልሁት። እንዲሁ አልሁት፤ ተስፋ ኖሮኝ አይደለም። ሸምሶ የሚደረድረውን ዶቃ ከእጁ አስቀመጠ። ከዚያ ምንጣፉን አጠፈ። ገና ቀን ነበር፤ ገዢም ቆሞ ነበር።

«አንተ ምኑ ነህ?» አለኝ።

«አጎቱ ነኝ። የሚስቴ እህት ልጅ ነው።»

«ያ ጀማዓ! ሁለት ዓመት እኮ ወራሽ ስጠብቅ ነው! ዘለበቱ አማና ነው፤ የአደራ ዕቃ ብዬ ቤቴ አኑሬዋለሁ። የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ ሰው ጠፋ። አንተ እዚህ፣ አጠገቤ…» አለና ቃሉን ዋጠው።

ተቆጣሁት። እሱም ተቆጣኝ። ሁለት ሽማግሎች በገበያ መሐል ስንጮኽ ሰው ከበበን። «ለምን አልነገርኸኝም?» እለዋለሁ፤ «ለምን አልጠየቅኸኝም? አዝራሩን እኮ ከእኔ ነው የገዛኸው!» ይለኛል። እሱ ልክ ነው። ጠይቄው ቢሆን በዚያው ሳምንት ሁሉን አውቅ ነበር። ያልጠየቅሁት ማወቅ ስለፈራሁ ነው።

የነገረኝን ልንገርሽ። በዚያው መጋቢት፣ እንሴኖ ገበያ ላይ፣ ባንዳዎች መንገደኞችን አሰልፈው ያዩ ነበር። አንድ ወጣት ከሰልፉ ውስጥ የባንዳዎቹን አለቃ ሲያይ ፊቱ በራ። ከሰልፉ ወጥቶ «አጎቴ! አጎቴ አስረስ!» አለ። ሸምሶም፣ ሀቢቡ የሚባለው ሽማግሌም፣ ገበያተኛውም ሰምተዋል። አስረስ አጠገቡ የቆመውን ጣሊያን አየ። ልጁን አየ። ደረቱ ላይ ያለውን አዝራር፣ የክሩን መስመር አየ። አንገቱን በጣቱ ገልጦ ማተብ ፈለገ።

«እኔ እስላም የወንድም ልጅ የለኝም» አለ።

ይኸውልሽ። የሰፋሁለት መስመር፣ የቆረጥሁበት ማተብ ለማን ምስክር ሆኖ እንደቆመ አየሽ? እኔ መሸሸጊያ ብዬ ያለበስሁትን እሱ መካጃ አደረገው። ኮቱንም እዚያው አስወለቀው፤ «ጨርቁ ጥሩ ነው» አለ አሉ። ቀበቶው ከሸሚዙ ሥር ስለነበር አላየውም።

ከዚህ በኋላ ያለውን አልጽፍም። በእኛ ወግ እንዲህ ያለው ወሬ በወረቀት አይሄድም፤ በማለዳ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ በአፍ ነው የሚነገረው። ይህን ብቻ እወቂ፦ ሸምሶና ሀቢቡ በአግባቡ አድርገዋል፤ ነጭ ጨርቅ አልጎደለም፣ ውኃ አልጎደለም፣ ጸሎትም አልጎደለም።

አንድ ቀን በቁጣ ጸሎት ያቆምሁበት ጊዜ የለም። ትናንት አቆምሁ። ዳዊቱን ከፍቼ ቃሉ አስረስን የሚረግም ብቻ መሰለኝና ዘጋሁት። ለራሴ የሚሆነኝን እርግማን ግን ሳልፈልገው አገኘሁት።

ገብረእግዚአብሔር

*

ወልቂጤ፣ ኅዳር 25 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ገብረእግዚአብሔር።

እናቴ «እርስዎ በይው» ብላኛለች፤ ከዚህ በታች ያለው ቃል የእሷ ነው።

ጋሼ፣ ያልጻፉትን ሰምቼዋለሁ። ነጠላዬን ጥቁር ነክሬ ከጓዳ ሰቅዬዋለሁ፤ አልለበስሁትም፤ የምለብሰው እርስዎ በአፍዎ ሲነግሩኝ ነው። አስረስ ዛሬም መጥቶ ነበር። ወንበር አቀረብሁለት። «ሰፊው ገና ነው» አልሁት። ማንም በቤቴ ደፍ ላይ እንዲሞት አልፈልግም፤ እሱን እንኳ። ለቅሶ ግን በእሱ ድንኳን አልቀመጥም። እንደገና ቡታጅራ ይወርዳል፤ ይጠንቀቁ።

ሸምሶንና ሽማግሌውን ሀቢቡን እጃቸው ይባረክ ይበሉልኝ። ባዳ ሲሆኑ የዘመድ ሥራ ሠሩ። ሌሊት ሌሊት የሚያንገበግበኝ ግን አንድ ነገር ነው። «አሚኑ» ብለው ነው የሸኙት፤ ሌላ ስም አያውቁለትማ። ልጄን በስሙ የጠራው የመጨረሻው ሰው ማን ነው? እርስዎ ነዎት። አጎቱማ ካደው።

ስለዚህ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ኮቱን እንደ ነበረ ያድርጉትና ወዳለበት ወስደው በስሙ ይጥሩት። በስውር ሳይሆን ሰው በሚሰማበት። የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል ነው፤ እንዳይረሱት። እንደሚፈሩ አውቃለሁ። እየፈሩ ያድርጉት።

*

እንሴኖ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለወይዘሮ አዛለች።

እየፈራሁ አደረግሁት።

በመጀመሪያ አዝራሮቹን ከዳዊቴ ማኅደር አወጣሁ። ቀጫጭኖቹን፣ የእሱን። ክሩን በሰም አሽቼ በየድሮ ቦታቸው መለስኋቸው፤ ከሥራቸው ያለውን የሁለት መስመር ቁራጭ ክር ግን አልነቀልሁም፤ እሱም የደረሰበት ነውና ይቆይ ብዬ። የእነዚያን የሁለቱን ያልታወቁ ልጆች ደንዳና አዝራሮች አልጣልኋቸውም። በባዶው ማኅደር ውስጥ እነሱን አስገባሁ። ስማቸውን ስለማላውቅ በጸሎት «የእነዚህ ባለቤቶች» እላለሁ።

ኮቱን በእጄ ልይዘው ነበር ሐሳቤ። በሩ ላይ ስደርስ ግን ጠቅልዬ ከያዝሁት ያው መደበቅ ነው አልሁና ለበስሁት። እጅጌው አጠረኝ፤ ሆዴም ላይ ጠበበኝ። ቀበቶውን በአሰገደች ማንኪያ ታጠቅሁ። እንዲህ ሆኜ በቡታጅራ ገበያ መሐል አለፍሁ። «ሰፊው ሰከረ!» ብሎ የሳቀ አለ። አንዲት ሽሮ የምትሸጥ ሴት እጄን ይዛ «አባቴ፣ ይገሉሃል፤ አውልቅ!» አለችኝ። ሸምሶ ምንጣፉን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለና ከኋላዬ መጣ። «እኔ የአንተ ባልንጀራ አይደለሁም፤ ወደ እንሴኖ መንገደኛ ነኝ» አለኝ፤ መንገዱን ሙሉ ግን ከጎኔ አልተለየም።

እንሴኖም ገበያ ነበር። ከገበያው ጀርባ፣ ከመቃብሩ ዳር፣ አንድ ቁልቋል አለ፤ ከሥሩ ነው። ሽማግሌው ሀቢቡ አሳየኝ። ማተቡን በራስጌው አፈሩን ጭሬ ቀበርሁት። ሸምሶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ እኔ ዳዊቴን ከፍቼ ደገምሁ። ማንም ማንንም ዝም በል አላለም። ከዚያ ገበያው እስኪሰማ ድረስ ጮኽሁ፦

«ፈቃደ! ወልደ ገብርኤል! የአዛለች ልጅ!»

ድምፄ እንዲህ ያለ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰው ሥራውን ትቶ መጣ።

አስረስም መጣ። ቃሌን ሊቀበል ቡታጅራ ወርዶ ኖሯል፤ ነገሩን ሰምቶ ከአንድ አስካሪ ጋር በበቅሎ ደረሰብኝ። ሳይወርድ «አውልቅ!» አለኝ።

«የማንን ኮት?»

«የወንድሜን ልጅ! ከማይጨው ያመጣሁትን!»

የአንዱን አዝራር ሥር ገልጬ ክሩን ለሰው አሳየሁ። ሸምሶ ከምንጣፉ ውስጥ አንድ የዘንባባ አዝራር አውጥቶ ከፍ አደረገና «እናንተ ሴቶች፣ በዚህ ክር ላይ የነበረው ይህ ነው። ይህ አዝራር በአገራችን መቼ ገባ?» ብሎ ጠየቀ።

«ከጣሊያን መኪና ጋር ነዋ!» አለች አንዷ። «እኔ እንኳ ለልጄ የገዛሁት ያኔ ነው» አለች ሌላዋ። እርስ በርስ ይቀባበሉት ጀመር። ስለ አዝራር እንደ ገበያ ሴት የሚያውቅ የለም፤ ማይጨውን የሚያህል ውሸት በአንድ አፍታ አፈራረሱት። ሽማግሌው ሀቢቡ በበትሩ ወደ አስረስ ጠቆመ።

«አንተን አውቅሃለሁ» አለው። «እስላም የወንድም ልጅ የለኝም ያልኸው ነህ። እኛ ግን እስላም ልጅ ነው ብለን ቀበርነው። ዛሬ ክርስቲያን ነው ተባለ፤ ለእኛ ለውጥ የለውም፤ በአማና ያለ ልጃችን ነው። ለአንተ የትኛው ነው?»

አስረስ እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ። «ሰፊ፣ አውልቅ ብያለሁ!»

«አንተ አንድ ጊዜ አውልቀኸዋል» አልሁት። «ሁለተኛ አይወልቅም።»

ሰዉ አልጮኸም፤ ድንጋይም አላነሣም። አንድ እርምጃ ብቻ ጠጋ አለ፤ ሴቶቹም ጭምር። አስካሪው መሬት መሬት ያይ ነበር። በቅሎዋ ወደ ኋላ አለች። አስረስ ፊቱ አመድ መስሎ «እመለሳለሁ» ብሎ ወደ ቡታጅራ ዞረ። ይመለሳልም፤ ብዙ ሆኖ ይመለሳል።

ይህን የምጽፍልሽ እዚሁ እንሴኖ ካለው ከሸምሶ ቤት ነው። ሱቄን፣ መኪናዬን፣ መደቤን ትቻለሁ፤ ለዚያ ቤት ብዬ ስንት ዘመን እንደፈራሁ ሳስብ እስቃለሁም እናደዳለሁም። ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልለመንሁ። ዛሬውኑ በቸሃ በኩል በተራራው መንገድ ወደ አንቺ እነሣለሁ። ወሬውን በማለዳ፣ በአፌ፣ ከደጅሽ ቆሜ እነግርሻለሁ፤ ነጠላሽን ያን ጊዜ ልበሺ። ደብዳቤውን የሸምሶ ዘመድ በሌላ መንገድ ያደርስልሻል። እኔ ሳልደርስ ደብዳቤው ብቻውን ከደረሰ፣ ቃሉን ከዓለምዘውድ አፍ ተቀበዪው።

ሸምሶ አሁን ጆንያ ይዞልኝ መጣ። «መንገዱ ረጅም ነው፤ በየድልድዩ ይፈትሻሉ። አውልቀህ በዚህ ያዘው» አለኝ።

ጆንያውን ለስንቄ ያዝሁት። ኮቱን አላወለቅሁም።

ገብረእግዚአብሔር